ጓያ ያልበላው ሰው

የነርቭ ሕክምናን የተማርኩት ዕድሜ ልኬን ከናቅሁት ሰው ነው። ይህን ስናገር የሙያ ጓደኞቼ ይሳቀቃሉ፤ አስተማሪ እንዴት ይናቃል ይሉኛል። እንዴት እንደሚናቅ ልንገራቸው።

በደርግ ጊዜ ነው። የሕክምና ትምህርቴን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ አዲስ አበባ ቦታ ጠበበ ተብሎ ሦስት ተማሪዎች ለስምንት ሳምንት ወደ ናዝሬት ተላክን። ሁለቱ ወንዶች ሙቀቱንና አቧራውን እየረገሙ መጡ። ለእኔ ግን አገሬ ነው። አባቴ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ እየተሰዳደብኩ ነው ያደግኩት። ከቤቴ ቁርሴን በልቼ በእግሬ ሆስፒታል እደርሳለሁ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። «የነርቭ ክፍል» የሚሉት በወንዶች መኝታ ክፍል ጫፍ ላይ በመጋረጃ የተከለሉ ስምንት አልጋዎችን ነበር። የዚያ መጋረጃ ጌታ ደግሞ ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ ብዙ ዓመት ተምሮ የተመለሰ፣ ገና አርባ ያልሞላው ሐኪም ነው። በዚያ ሐሩር ከረባት ያስራል። የጉልበት መምቻ መዶሻውን በጥቁር ቆዳ ማኅደር ይዞ ይዞራል፤ ሲያወጣው ቄስ መስቀል የሚያወጣ ይመስላል። የበሽተኛውን ጉልበት መታ አድርጎ እግሩ ሲዘል፣ እግሩን የፈጠረው እሱ ይመስል ዞር ብሎ ያየናል። በሽተኛውን ሁሉ፣ ጸጉሩ የነጣ ሽማግሌም ቢሆን፣ «አንተ» ነው የሚለው። የፓርቲው ተጠሪ በኮሪደሩ ሲያልፍ ግን ከረባቱን አስተካክሎ ከወገቡ ሰበር ይላል።

የሙያ ጓደኞቼ ብዬ አብሬያቸው የመጣሁት ሁለቱ ልጆችም የተሻሉ አልነበሩም። አንደኛው ዶክተሩ ገና አፉን ሳይከፍት አንገቱን መነቅነቅ ይጀምራል። ሁለተኛው የዶክተሩን ቀልድ ሳይቀር በደብተሩ ይጽፋል። እኔስ? እደርስበታለሁ።

ዶክተሩ አንድ ትልቅ ምኞት ነበረው። አዲስ አበባ በሚደረግ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ ስለ ጓያ ጥናት ሊያቀርብ አስቧል። ጓያ በድርቅ ዘመን ሌላው እህል ሲጠፋ የሚበላ፣ ብዙ ከተበላ ግን እግርን የሚያደርቅ እህል መሆኑን ያገሬ ሰው ያውቀዋል። ጥናቱ በራሱ መልካም ነገር ነበር። ችግሩ በሽተኞቹ በሚፈልገው ልክ አለመገኘታቸው ነው። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ደብዳቤ በተነ፤ እያነከሰ የመጣ የገጠር ሰው ሁሉ ወደ እኛ ይላክ ጀመር። ልጅነቱን ፖሊዮ የያዘው፣ ከጋሪ የወደቀው፣ በጥይት የተመታው ሳይቀር በማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ ጓያ በላ ተብሎ ይገባል።

የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመ። ከጆንያዎቹ መካከል አንድ ሰው በአንሶላ ተሸክመው አወረዱ። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከወገቡ በታች ግን እንደ ከዘራ የቀጠነ ሰው ነበር። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም መኪና ላይ በመጫን የሚተዳደር ነው። አብራው የመጣችው ሚስቱ ረዥም፣ ቆፍጣና፣ እዚያው ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት። አማርኛዋ ከኔ የፈጠነ ነው፤ እሱ ግን ከኦሮምኛ ሌላ ብዙም አይናገርም። ኦሮምኛ ስለምችል በሽተኛው ለእኔ ተሰጠ።

«መቼ ጀመረዎት?» አልኩት በኦሮምኛ።

ፊቱ ፈካ። «ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «የኛ ሰው ነሽ ለካ!»

ከዚያ ነገረኝ። መጀመሪያ ጀርባውን አመመው፤ ጆንያ የጎዳው መስሎት ዝም አለ። ሌሊት ሌሊት ያልበዋል። ከመስቀል በኋላ እግሮቹ ከበዱት፤ ከገና በኋላ ያለ ሰው መቆም አቃተው። አሁን ደግሞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ሽንቱን መቆጣጠር እንዳልቻለ ነገረኝ። ጓያ በልተው ያውቃሉ ወይ አልኩት። ስሙን ሰምቶት ስለማያውቅ ምን እንደሆነ አስረዳሁት። በኛ አገር አይዘራም፣ የምንበላው በቆሎ ነው አለኝ።

ከቀሚሴ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅዬ ከእግሩ ጀምሬ ወደ ላይ እየወጋሁ «ይሰማዎታል?» እለው ጀመር። እግሩ ላይ አይሰማውም። ጭኑ ላይ፣ ሆዱ ላይም አይሰማውም። ልክ ከእምብርቱ በላይ ስደርስ «ወይ!» ብሎ ዘለለ። ካንዱ ጎን ወደ ሌላው ስሄድ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ነበር። ይኼኔ ሚስቱ ቱግ አለች።

«ጀርባውን አታዪም እንዴ? ሦስት ቦታ ወሰድኩት፤ ሁሉም ጉልበቱን ይነካካሉ፤ ጀርባውን ያየ አንድ ሰው የለም!»

አገላብጠን ሸሚዙን ገለጥን። በትከሻዎቹ መካከል ዝቅ ብሎ፣ አከርካሪው ላይ፣ የሎሚ ግማሽ የሚያህል ጉብታ አለ። ስነካው ሰውዬው ጥርሱን ነከሰ።

ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር። ጓያ ስሜት አያጠፋም፣ ሽንትም አያሰናክልም፤ ይህን ያስተማረን ራሱ ዶክተሩ ነው፣ ገና ሳምንት ሳይሞላው። ይህ ጉብታ አጥንቱን የሚበላ ቲቢ ነው፤ የፈረሰው አጥንት ደግሞ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። በጊዜ ከተያዘ መድኃኒት አለው። ካልተያዘ ሰውዬው አልጋ ላይ ይቀራል። በጣም ደስ አለኝ። አዎ፣ ሰው እንደዚያ ሆኖ እያየሁ ደስ አለኝ፤ የማውቀው ነገር ስላገኘሁ። በማግስቱ ጠዋት በዶክተሩ ፊት ሳቀርበው ምን እንደሚል እያሰብኩ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት ዶክተሩ መዶሻውን ይዞ፣ ሁለቱን ልጆች አስከትሎ አልጋው አጠገብ ቆመ። ገና የሰውዬውን ዕድሜ ስናገር አቋረጠኝ።

«ምን ይበላል?»

«በቆሎ ነው ዶክተር። ጀርባውን ከ...»

«ጓያስ?»

«በልቶ አያውቅም። ባገሩም አይዘራም።»

«ጠይቂው።»

«ጠይቄዋለሁ።»

«እኔ ፊት ጠይቂው!»

ጠየቅሁት። ሰውዬው አንዴ እኔን፣ አንዴ ከረባቱን እያየ «ላኪ» አለ። አይ ማለት ነው፤ ማንም ይገባዋል።

«አልበላሁም ነው የሚለው» አልኩ።

ዶክተሩ ወደ ልጆቹ ዞሮ ፈገግ አለ። «እዩ እንግዲህ። ገበሬ ጓያ መብላቱን አይናገርም፤ ድህነቱን ያፍርበታል። የበሰለ ሐኪም ማለት የሚዋሽ በሽተኛ የሚያውቅ ነው።» አንገት ነቅናቂው ነቀነቀ። ጸሐፊው ጻፈ።

«ገበሬ አይደለም» አለች ሚስትየው ከመጋረጃው ወዲያ። «መኪና ጫኝ ነው። የሚዋሽበትም ምክንያት የለውም።»

«ይህቺ ሴትዮ እዚህ ምን ትሠራለች? አስወጧት!»

አስወጧት። እኔ ስለ ስሜቱና ስለ ጉብታው ጀመርኩ። ዶክተሩ የሰውዬውን ጉልበት በመዶሻው መታው፤ እግሩ ዘለለ፤ ዞር ብሎ አየን። ጉብታውን እንዲያይ ለመንኩት። «ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ የተሸከመ ሰው ጀርባው ምን ሊመስል ፈለግሽ?» አለኝ፤ ልጆቹ ሳቁ። ሸሚዙን አላስገለጠም። ከዚያ የሕክምና ካርዱን በጣቱ ነካ አደረገና፣

«ጻፊ» አለኝ። «ጓያ መመገቡን በአስተርጓሚ በኩል አምኗል።»

አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

እጄ ተንቀጠቀጠ ማለት እችል ነበር። አልተንቀጠቀጠም። በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፌ፣ አንድም ፊደል ሳላበላሽ፣ ጓያ መመገቡን በአስተርጓሚ በኩል አምኗል ብዬ ጻፍኩ። ውጤት የሚሰጠን እሱ ነው። እሱ የጣለው ተማሪ ዓመቱን ይደግማል፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ከፓርቲው ተጠሪ ጋር በቀልድ መሃል የሰው ስም ጣል የማድረግ ልማድ ነበረው። እነዚህን ምክንያቶች ለራሴ ብዙ ጊዜ ደርድሬያቸዋለሁ። ሁሉም እውነት ናቸው፤ አንዱም አያኮራም። ያን ቀን ከአንገት ነቅናቂው የምለየው አንገቴን ባለመነቅነቄ ብቻ ነው።

በኮሪደሩ ላይ ሚስትየው እጄን ያዘችኝ። «ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ያለውን» አልኳት።

ሰውዬው የቫይታሚን መርፌ ታዘዘለትና ተኛ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛው ተከተለ። መርፌ ቁልፌን ይዤ በየሁለት ቀኑ እለካዋለሁ፤ የደነዘዘበት መስመር በሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ወጣ። ሚስቱ መቂ ያለውን ሥራዋን ትታ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ተቀመጠች። ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ አንሶላውን ታጥባ ታሰጣለች። እኛን ባለ ነጭ ጋዋኖቹን የምታየን የተበላሸ ሽንኩርት ከጆንያ ለይታ እንደምትጥል ሰው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ዶክተሩ እንግዶች ጠራ። የፓርቲው ተጠሪ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ካኪ የለበሱ ሰዎች፣ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ። ጥናቱን በተግባር ሊያሳያቸው ነው። ጓያ የጎዳው ሰው እግሮቹን እንደ መቀስ እያቆላለፈ እንደሚራመድ ለማሳየት፣ የመቂውን ሰው ከአልጋው አስወርዶ ሁለት ዱላ አስያዘው።

«ተራመድ!»

«አይችልም ዶክተር» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ተራመድ አልኩህ!»

ሰውዬው አንድ እርምጃ ተራመደ። ሁለተኛውን ሲጀምር እግሮቹ እንደ ጨርቅ ተጣጠፉና በግንባሩ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሱሪው ረጠበ፤ ሽንቱ ወደ እንግዶቹ ጫማ ሄደ። ካኪ የለበሱት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ዶክተሩ ያደረገው ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መዶሻው እንዳይረጥብ ወደ ላይ አነሳው።

ሚስትየው ከየት እንደመጣች አላውቅም። ነጠላዋን አውልቃ የባሏን ኀፍረት ሸፈነች፤ በብብቱ ይዛ ቀና አደረገችው። ከዚያ ዶክተሩን ቀና ብላ አየችው።

«እንዲራመድ ነው ወይስ እንዲወድቅ ነው የጠራኸው?»

በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ያን ሰው «አንተ» ሲለው የሰማሁት ሰው እሷ ብቻ ናት። እሱ ግን ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ ጓያ በቤተሰብ ላይ የሚያስከትለው የመንፈስ ጭንቀትም ቀላል አይደለም አላቸው። ተጠሪው ሰዓቱን አየ። ሄዱ። ሰውዬውን አልጋው ላይ የመለስነው እኔና እሷ ነን። ግንባሩ ላይ ደም አለ። «ይቅርታ» አለኝ በኦሮምኛ። እሱ እኔን!

ጀርባው በኤክስሬይ ቢታይ ነገሩ ያልቅ ነበር። ፊልም ግን እጥረት ስለነበረ ያለ ዶክተሩ ፊርማ አይነሳም፤ እሱ ደግሞ በጓያ በሽተኛ ላይ ፊልም አላባክንም ብሎ ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው የሚፈርመውን አያነብም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የእረፍት ወረቀት፣ የመድኃኒት መጠየቂያ፣ ለቀበሌ የሚጻፍ ደብዳቤ ተከምሮ ይቀርብለታል፤ እሱ ስለ ተማረበት አገር በረዶ እያወራ ሳያይ ይፈርማል። ወረቀቱን የምገልጥለት እኔ ነኝ። ሰውዬው በወደቀበት ቀን ከሰዓት በኋላ የኤክስሬዩን መጠየቂያ ከመሃል ሸጎጥኩት። ስለ በረዶ እያወራ ፈረመ።

ኤክስሬይ የሚያነሱት አዛውንት ወረቀቱን አይተው፣ «ጎሽ፣ አንድ ቀን አሰበ ማለት ነው» አሉና ሰውዬውን አነሱት። ፊልሙ ሲደርቅ መስኮት ላይ አስደግፈን አየነው። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ተበልተው አንዱ በአንዱ ላይ ተደርምሰዋል፤ ግራና ቀኛቸው መግል የቋጠረ ጥላ አለ። አዛውንቱ ራሳቸውን ወዘወዙ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ባለበት ፊልሙን አወጣሁ። ያሰብኩት ንግግር ነበረኝ። ቤት ውስጥ ከመስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። ዶክተሩ ፊልሙን ከእጄ ወሰደና ወደ ብርሃኑ አነሳው። ጆሮው ስር ላብ ሲወርድ አየሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ተደስቼ አላውቅም።

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደጠረጠርኩት ነው» አለ። «ለዚህ ነው ያዘዝኩት። ጓያም ቢሆን ሌላውን ነገር ሳናረጋግጥ ማለፍ የለብንም። ከዚህ ትማሩ።» መጠየቂያውን ለልጆቹ አሳያቸው። ፊርማው ቁጭ ብሏል። አንገት ነቅናቂው ነቀነቀ። ጸሐፊው ጻፈ።

አፌን ከፍቼ ነበር። ሐሰተኛ ወረቀት አስፈርሜዋለሁ ልል ነው? ዘጋሁት። ያን ቀን የቲቢ መድኃኒት ተጀመረ፤ መርፌውም ኪኒኑም ያለ ምንም ክርክር ታዘዘ። ዶክተሩ ለታማሚው በእኔ አስተርጓሚነት፣ በሽታህን አግኝቼልሃለሁ አለው። ተረጎምኩት። ሰውዬው የዶክተሩን እጅ ይዞ ሳመ። እሱም አልከለከለውም።

ብዙ ሳይቆይ ጉባኤው ደረሰ። አዲስ አበባ ተመልሰን ስለነበር ሦስታችንም እንድንገኝ ተጠራን። አዳራሹ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ስላይድ ሲታይ፣ ከሌሎቹ መካከል ሁለት እግሮች መጡ። ፊት የለም፤ ከወገብ በታች ብቻ። የግራ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ በመርፌ ቁልፌ ስለካው በየሁለት ቀኑ አየው ነበር፤ አልሳሳትም። የመቂው ሰው ከጓያ በሽተኞች ዝርዝር አልወጣም ነበር። ዶክተሩ፣ «ይህ ታማሚ መመገቡን በመጀመሪያ ክዶ ኋላ ያመነ ነው» አለ። ካርዱ ይመሰክራል፤ ያማረ የእጅ ጽሑፍ አለበት። ሲጨርስ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። በነርቭ ሕክምና ከሦስታችን የበለጠውን ውጤት ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ተመርቄ ሻሸመኔ ተመደብኩ። አንድ ጊዜ ከናዝሬት ስመለስ አውቶቡሱ መቂ ላይ ለምሳ ቆመ። ወርጄ ገበያውን ስዞር ሚስትየውን አየኋት፤ መኪና ላይ ከሚጭኑ ሰዎች ጋር እየጮኸች ነበር። ቶሎ አወቀችኝ። ባሏ ከኋላዋ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቲማቲም ይለያል፤ ምርኩዝ ጎኑ ተጋድሟል። እንደምንም ይሄዳል፣ ሽንቱንም ይቆጣጠራል አለችኝ፤ ጆንያ ማንሳት ግን ቀርቷል። በጊዜ ቢያዝ ያነሳ ነበር ወይ አለችኝ። ያነሳ ነበር አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ የጻፍኩትን፣ የሸጎጥኩትን፣ ያጨበጨብኩትን።

እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠችኝም።

«እሱስ ያው እሱ ነው» አለች። «አንቺ ግን ቋንቋችንን ታውቂ ነበር።»

ይህን ብላ ወደሚጫነው መኪና ዞረች። ባሏ አይቶኝ በእጁ ጠራኝ። አገላብጦ ሳመኝ፤ የበሰሉትን መርጦ በፌስታል ሞላልኝ። ስለ ዶክተሩ ጠየቀኝ። ለትምህርት ውጭ አገር እንደተላከ፣ ሲመለስም ትልቅ ሹመት እንደሚጠብቀው ሰምቼ ነበር።

«ደህና ነው» አልኩት።

«ትልቅ ሰው ነው» አለኝ። «በየቀኑ እጸልይለታለሁ። ስታገኚው ሰላም በይልኝ።»

«እሺ» አልኩት። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ ፌስታሉን ይዤ ሮጥኩ። ያን ሰላምታ እስከ ዛሬ አላደረስኩም።